ዊልያም ዋላስ፥ የአላን ልጅ

የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ የአባቱን ስም የሚገልጽ ነው። ስለ ስኮትላንዱ ጀግና ስለ ዊልያም ዋላስ ለመጻፍ ብዕሩን ያነሣ ሁሉ ግን ገና በዚህ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ይሰናከላል። ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀ፣ ሐውልት የቆመለት፣ ፊልም የተሠራለት ሰው ሆኖ ሳለ የማን ልጅ እንደ ነበረ ከሰባት መቶ ዓመታት በኋላም ሲያከራክር ይኖራል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ ጦርነቶቹ ብዙዎች የተረኩትን ለመድገም ሳይሆን፣ በመሬት ሰነዶችና በፍርድ መዛግብት ውስጥ የሚገኘውን ዋላስ ለክቡራን አንባብያን ለማስተዋወቅ ፈልገናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ዋላስ ከአንድ ግጥም የወጣ ነው። ዕውሩ ሃሪ በመባል የሚታወቀው ባለ ቅኔ የዋላስን ገድል በረጅም ግጥም ያቀረበው ጀግናው ከሞተ ከ170 ዓመታት ያህል በኋላ፣ በ1470ዎቹ መጨረሻ ላይ ነበር። በእርሱ ትረካ መሠረት የዋላስ አባት የኤልደርስሊው ባላባት ሰር ማልኮም ሲሆን፣ እናቱ ደግሞ በአይር አውራጃ ከታወቀው ከክሮፎርድ ቤተሰብ የተወለደች ናት። ይህ ግጥም በስኮትላንድ ለብዙ ትውልድ በየቤቱ ሲነበብ ስለ ኖረ ማንም የአባቱን ስም ለመመርመር አላሰበም። በ1995 የወጣው ታዋቂ ፊልምም አባቱን ማልኮም ብሎ አቀረበው። ሃሪን ሐሰተኛ ለማለት አንደፍርም፤ ባለ ቅኔ ነውና የሰማውን አስውቦ ተናገረ። ሆኖም የጦርነቶችን ዘመን ማምታታቱንና ያልተደረገውንም እንደ ተደረገ መቁጠሩን የታሪክ ሊቃውንት በየቦታው ስላረጋገጡ፣ በእርሱ ቃል ብቻ የአንድን ሰው የዘር ሐረግ ማቆም የሚቻል አይደለም።

ታዲያ ወዴት መሄድ ይሻላል? በ13ኛው ምዕት ዓመት በስኮትላንድ የጥምቀት መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በዚያ አገር ከሁሉ የቆየው የቁምስና መዝገብ የሚጀምረው በ1553 ነው። ከዚያ በፊት የኖረ ሰው መሬት ሲሰጥ ወይም ሲቀበል፣ ሲካሰስ ወይም ሲቀጣ፣ አለዚያም ለሌላው ስጦታ ምስክር ሆኖ ሲቆም ካልሆነ በቀር ስሙ በብራና ላይ አይሰፍርም። ድሀው ሰው መሬትም ሙግትም ስለሌለው ያለ ስም ይቀራል። እንግዲህ የዘር ሐረግ ፈላጊ የሆነ ሁሉ የሚሄደው ወደ መሬት ሰነድ ነው። እነዚህንም ሰነዶች ጠብቀው ካቆዩልን መካከል የገዳማት መነኮሳት በግንባር ቀደምትነት ይገኛሉ፤ የተሰጣቸውን መሬት ማንም እንዳይነጥቃቸው የሰጪውን፣ የተቀባዩንና የምስክሮቹን ስም እየጻፉ በትልልቅ መዝገቦች ያኖሩ ነበርና።

ዋላስ የሚለው ስም በላቲን ሰነዶች ዋሌንሲስ ተብሎ ይጻፋል። ትርጓሜውም የዌልስ ሰው ማለት ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ይኖሩ የነበሩትን የጥንት ብሪታንያውያንንም በዚሁ ስም ይጠሯቸው እንደ ነበረ ይታወቃል። በ12ኛው ምዕት ዓመት የአላን ልጅ ዋልተር የተባለ መኰንን በዌልስ ወሰን ከሚገኘው ከሽሮፕሺር ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ዳዊት ቀዳማዊ ዘንድ መጣና የንጉሡ ቤት አዛዥ ሆነ፤ የስቱዋርት ነገሥታት ስም የመጣው ከዚሁ ሹመት ነው። ዋልተር በፔይዝሊ ገዳም መሥርቶ ብዙ መሬት ሰጠ። በዚህ ገዳም መዝገብና በአዛዦቹ ቤት ሰነዶች ውስጥ ሪቻርድ ዋሌንሲስ የሚባል ሰው ከምስክሮች መካከል ተጽፎ ይገኛል። በአይር አውራጃ የምትገኘው ሪካርተን የተባለችው ሰበካ ስሟን ያገኘችው ከእርሱ እንደ ሆነ ይነገራል፤ የሪቻርድ መንደር ማለት ናትና። እንግዲህ የዋላስ ቤተሰብ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በአዛዦቹ ጥላ ሥር መሬት ይዞ የኖረ መካከለኛ ባላባት ቤተሰብ እንደ ነበረ ከሰነዶቹ እንረዳለን። ከሪቻርድ እስከ ዊልያም ያለው መሰላል ግን ብዙ ርብራቡ ወልቋል።

አሁን ወደ 1296 እንለፍ። ከዚያ በፊት በ1286 ንጉሥ እስክንድር ሦስተኛ በሌሊት ሲጓዝ ከፈረስ ወድቆ ሞተ፤ ብቸኛ ወራሹ የነበረችው ሕፃን የልጅ ልጁም በ1290 አረፈች። ዙፋኑን የሚጠይቁ ከደርዘን በላይ ሰዎች ስለ ተነሡ የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በዳኝነት ተጠራ። 104 ሸንጎኞች ተቀምጠው የእያንዳንዱን ጠያቂ የትውልድ ሐረግ መረመሩ፤ ይህም በመካከለኛው ዘመን ከተደረጉት የዘር ሙግቶች ሁሉ ታላቁ ነው ለማለት ይቻላል። በ1292 ለጆን ቤልየል ተፈረደለት። ኤድዋርድ ግን ዳኛ ሆኖ ገብቶ ጌታ መሆን ስለ ፈለገ ከአራት ዓመታት በኋላ አገሪቱን ወረረ፤ ንጉሥ ጆንንም ከዙፋኑ አወረደው። በነሐሴ 28 ቀን 1296 በቤሪክ ከተማ በተደረገው ጉባኤ የስኮትላንድ ባለ ርስቶች፣ ጳጳሳት፣ አበምኔቶችና የከተማ ሰዎች ለእንግሊዝ ንጉሥ የታማኝነት መሐላ ፈጸሙ። የመሐሎቹ ስም ዝርዝር ከ1,500 በላይ ሲሆን፣ ከየሰነዱ ማኅተሞች ተንጠልጥለውበት ስለ ነበረ ራግማን መዝገብ በሚል ስም ይጠራል። ለስኮትላንድ የዘር ታሪክ ተመራማሪዎች ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም። ታላቁ የውርደት ሰነድ የአያቶች ስም መገኛ ሆኖ መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ዊልያም ዋላስ የለም። ሰር ማልኮም ዋላስ የሚባልም የለም። ነገር ግን ከሌሎች የዋላስ ቤተሰብ ሰዎች ጋር አንድ አላን ዋላስ ይገኛል፤ እርሱም በአይር አውራጃ ከንጉሡ በቀጥታ መሬት የያዘ ሰው ተብሎ ተጽፏል። ለብዙ ምዕት ዓመታት ይህን ስም ልብ ያለው አልነበረም። ምክንያቱም ሁሉም የሚፈልገው ማልኮምን ነበር።

የአላን ስም ዋጋ ያገኘው በሌላ ሰነድ ምክንያት ነው። ዋላስና የትግል ጓደኛው አንድሩ ሞሪ በስተርሊንግ ድልድይ ድል ካደረጉ ከአንድ ወር በኋላ፣ በጥቅምት 11 ቀን 1297 ከሃዲንግተን ሆነው ለሉቤክና ለሐምቡርግ ከተሞች ሹማምንትና ነጋዴዎች ደብዳቤ ጻፉ። መልእክቱ የስኮትላንድ መንግሥት በእግዚአብሔር ቸርነት ከእንግሊዞች እጅ በጦርነት ነጻ ስለ ወጣ ነጋዴዎቻቸው ወደ ስኮትላንድ ወደቦች ያለ ሥጋት እንዲመጡ የሚጋብዝ ነው። ለሐምቡርግ የተላከው ጠፍቷል፤ ለሉቤክ የተላከው ግን እስከ ዛሬ አለ። በደብዳቤው ላይ በተንጠለጠለው ማኅተም በአንዱ ገጽ የስኮትላንድ አንበሳ፣ በሌላው ገጽ የተወጠረ ቀስት ይታያል። በቀስቱም ዙሪያ ያለው በከፊል የተፋቀ የላቲን ጽሕፈት በሃያኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በጥንቃቄ ሲመረመር የአላን ዋላስ ልጅ ዊልያም የሚል ትርጉም የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው የአባቱን ስም ራሱ በሰም ላይ አትሞ ትቶልን ኖሮ፣ እኛ ግን ከግጥም ስንፈልግ ኖረናል።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። የማኅተሙ አላንና የመዝገቡ አላን አንድ ሰው ናቸውን? ስሙ አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ ቤተሰቡም አንድ ነው፤ ሆኖም አላን የሚለው ስም በአዛዦቹ ቤትና በጭፍሮቻቸው ዘንድ የተወደደ ስም ስለ ነበረ ፍጹም ማረጋገጫ አይሆንም። በእኛ አስተያየት ግን ሌላ የተሻለ ሰው እስኪገኝ ድረስ ይህን አላን እንደ አባቱ መቀበል ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገሩ ከሥፍራም ጋር የተያያዘ ነው። ኤልደርስሊ በፔይዝሊ አጠገብ የሚገኝ የአዛዦቹ መሬት ሲሆን፣ አላን ዋላስ ግን መሬቱን የያዘው በአይር አውራጃ፣ ያውም በቀጥታ ከንጉሡ ነው። ስለዚህ በአይር አውራጃ ያሉ ሰዎች ጀግናው የእኛ ነው እያሉ ከፔይዝሊ ሰዎች ጋር ሲከራከሩ ይኖራሉ። የኤልደርስሊ ሰዎች በ1912 ሐውልት አቁመው ስለ ነበረ ክርክሩ ለእነርሱ የሚያስደስት አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሌላው ነገር ነው። ይህ አላን አባቱ ከሆነ፣ አባት ለእንግሊዝ ንጉሥ በመሐላ ራሱን አስገዝቷል፤ ልጁ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሰይፍ አነሣ። በመዝገቡ የልጁ ስም አለመኖሩ ሆን ብሎ መሐላውን እንደ እንቢ ማለት የሚቆጥሩት ጸሓፊዎች አሉ። እኛ ይህን ለማጽደቅ አንቸኩልም፤ የራሱ መሬት የሌለው ታናሽ ልጅ ለመማል የሚጠራበት ምክንያት አልነበረምና። የሆነ ሆኖ መሐላ ያለ መፈጸሙ ኋላ በፍርድ ቤት የሕይወትና የሞት ነገር ሊሆን ነው።

ከዚሁ ከ1296 አንድ የፍርድ መዝገብ ደግሞ አለ። በነሐሴ 8 ቀን በፐርዝ ከተማ የእንግሊዝ ዳኞች የእስረኞችን ጉዳይ ሲመለከቱ፣ የዮርክ ማቴዎስ የሚባል ሰው ክርስቲያና ከተባለች ሴት ቤት በጉልበት ገብቶ 3 ሽልንግ የሚያወጣ ጠላ ወስዷል ተብሎ ተከሰሰ። አብሮት የነበረውም ዊልያም ዋላስ የተባለ ሌባ እንደ ሆነ ተመዘገበ። ማቴዎስ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሆኑን ገልጾ በዓለማዊ ዳኛ ፊት መልስ የመስጠት ግዴታ የለብኝም ስላለ ንስሓ እንዲገባ ተፈረደበት። ዊልያም ግን አልተያዘም። ይህ ሌባ የእኛው ዋላስ ነውን? ዋላስ የሚባል ሰው በዚያ ዘመን ብዙ ስለ ነበረ በስም ብቻ በሰው ላይ መፍረድ አይገባም። ብዙ የታሪክ ጸሓፊዎች ጀግናቸው እንዳይነካባቸው ይህን ገጽ ዘለውት ያልፋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ደስ እያላቸው ይጠቅሱታል። እኛ ግን የዘር ሐረግ የሚፈልግ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ሰነድ ብቻ መርጦ መውሰድ አይችልም ብለን ስለምናምን አቀረብነው።

በግንቦት 1297 ዋላስ የላናርክን ገዥ እንግሊዛዊውን ዊልያም ሄዝልሪግን በመግደል በታሪክ መድረክ ላይ በእርግጥ ብቅ አለ። ግጥሙ ምክንያቱን የሚስቱ መገደል ያደርገዋል፤ ከፍርድ መዝገቡ የምናገኘው ግን ግድያውን ብቻ ነው። በዚያው ጊዜ የግላስጎው ጳጳስ ሮበርት ዊሻርትና የንጉሡ ቤት አዛዥ ጄምስ በደቡብ ምዕራብ ዐመፅ አስነሥተው ነበር፤ ሆኖም በሐምሌ ወር በኧርቪን ሥፍራ እጃቸውን ሰጡ። ዋላስ አልሰጠም። በሰሜን ከተነሣው ከአንድሩ ሞሪ ጋር ተባብሮ በመስከረም 11 ቀን በስተርሊንግ ድልድይ የእንግሊዝን ጦር አሸነፈ። ጠባቧ ድልድይ በአንድ ጊዜ የምታሳልፈው ጥቂት ፈረሰኞችን ብቻ ስለ ነበረ፣ የተሻገሩት ወደ ኋላ መመለስ፣ ያልተሻገሩትም ወደ ፊት መርዳት ተስኗቸው አለቁ። የእንግሊዙ ግምጃ ቤት ሹም ክሬሲንግሃም በዚያ ወደቀ። ሞሪ ግን ከዓመቱ መጨረሻ አላለፈም።

በኅዳር ወር የስኮትላንድ ጦር ወደ ሰሜን እንግሊዝ ዘልቆ በሄክሳም ገዳም ላይ ያደረገውን የጊዝቦሮው ዋልተር የተባለ እንግሊዛዊ ካህን ጽፎታል፤ ጸሓፊው የዋላስ ወዳጅ ስላልሆነ ምስክርነቱ ይበልጥ ይታመናል። ገዳሙ አስቀድሞ ስለ ተዘረፈ የቀሩት ሦስት ካህናት ብቻ ነበሩ። ወታደሮች ገብተው የገዳሙን ሀብት እንዲያወጡ በጦር ሲያስጨንቋቸው ዋላስ ደረሰ፤ ወታደሮቹንም ገሥጾ ቅዳሴ እንዲቀደስለት ለመነ። ቅዱስ ቁርባን ከፍ ከተደረገ በኋላ የጦር ዕቃውን ሊያወልቅ ለጥቂት ጊዜ ወጣ። ሲመለስ ጽዋው፣ የመንበሩ ጌጥና የቅዳሴ መጽሐፉ ሳይቀር ተዘርፎ አገኘ። ጥፋተኞቹ ተፈልገው በሞት እንዲቀጡ ቢያዝም አልተገኙም፤ ጸሓፊው ፍለጋው ከልብ እንዳልነበረ ይጠረጥራል። በኅዳር 7 ቀን ለገዳሙ የተሰጠው የጥበቃ ደብዳቤ ግን አለ። ካህናቱንና ንብረታቸውን የሚነካ ሰው ሕይወቱንና ሀብቱን እንዲያጣ ያዝዛል። ጦሩን እንደ ፈለገ ማዘዝ የማይችል አዛዥ፣ ነገር ግን ማዘዝ የሞከረ አዛዥ ነበር ለማለት እንወድዳለን።

በ1298 መጀመሪያ ዋላስ የፈረሰኛነት ማዕረግ ተቀብሎ በስደት ባለው በንጉሥ ጆን ስም የመንግሥቱ ጠባቂ ሆነ። በመጋቢት 29 ቀን የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ማኅበር ይዞታ በነበረችው በቶርፊከን ሆኖ ለአሌክሳንደር ስክሪምጀር በዳንዲ አጠገብ መሬትና የዳንዲን ግንብ ጠባቂነት ሰጠ። ስክሪምጀር የንጉሡን ሰንደቅ ዓላማ ተሸካሚ ነበር። የመሬት ሰነዶችን የምንከታተል እኛ በዚህ ሰነድ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። ከባለ ርስቶች ሁሉ ተራ ወገን የሆነ፣ ምናልባትም የራሱ ጋሻ መሬት እንኳ ያልነበረው ሰው ለሌላው ርስት ሲሰጥ እናያለንና። ነገር ግን የሰጠው በራሱ ስም አይደለም፤ በንጉሡ ስም፣ በንጉሡ ማኅተም፣ በመኳንንቱም ፈቃድ ነው። ንጉሡ ግን ያን ጊዜ በእንግሊዝ እስረኛ ነበር። የስክሪምጀር ቤተሰብ ከዚህ ሰነድ ጀምሮ ዘሩን ይቆጥራል።

በሐምሌ 22 ቀን 1298 በፎልከርክ የእንግሊዝ ቀስተኞች የስኮትላንድን ጦረኞች ክብ ሰልፍ በፍላጻ በተኑት። ዋላስም ጠባቂነቱን ለቀቀ። ስለዚህ ጦርነት ብዙ ተጽፏልና እናልፈዋለን።

ከዚህ በኋላ ስለ ቤተሰቡ እጅግ ጠቃሚ የሆነውን ወረቀት የጻፈው ወዳጅ ሳይሆን ጠላት ነው። በነሐሴ 1299 በሮክስበርግ ግንብ ያለው እንግሊዛዊ አዛዥ ሰላዩ ያመጣለትን ወሬ ለንጉሡ ጻፈ። እንደ ደብዳቤው የስኮትላንድ መኳንንት በፒብልስ ተሰብስበው ሳለ ሰር ዳዊት ግሬም የዊልያም ዋላስ መሬትና ንብረት ይሰጠኝ ብሎ ጠየቀ፤ ዊልያም ያለ ጠባቂዎቹ ፈቃድ ከአገር ሊወጣ ነውና። የዊልያም ወንድም ሰር ማልኮም ዋላስ ተነሥቶ ወንድሙ የሚሄደው ለመንግሥቱ ጥቅም ስለ ሆነ መሬቱ ሊነካ እንደማይገባ መለሰ። ሁለቱ ካራ ተማዘዙ። ከዚያም ጆን ኮሚን የካሪክን ባላባት ሮበርት ብሩስን ጉሮሮውን አንቆ ያዘው፤ አዛዡ ጄምስና ሌሎች በጭንቅ ገላገሏቸው። ታሪክ ጸሓፊዎች ይህን ደብዳቤ የሚጠቅሱት በኋላ ንጉሥ ስለሆነው ስለ ብሩስ ነው። ለእኛ ግን ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ዊልያም በዚያን ጊዜ ሊነጠቅ የሚችል መሬት ነበረው። ሁለተኛ፣ ሰር ማልኮም ዋላስ የሚባል ባላባት በእርግጥ ነበረ፤ ነገር ግን አባቱ ሳይሆን ወንድሙ ነው። ዕውሩ ሃሪ ወይም ከእርሱ በፊት የነበሩ ተራኪዎች የወንድሙን ስም ለአባቱ ሰጥተው ይሆናል ብለን እንገምታለን። በቃል የሚተላለፍ የትውልድ ቆጠራ አንዱን ትውልድ ውጦ ወንድምን አባት ማድረጉ በየትም አገር ያጋጥማል።

ዋላስ የሄደው ወደ ፈረንሳይ ነበር። በኅዳር 7 ቀን 1300 የፈረንሳይ ንጉሥ ፊልጶስ አራተኛ በሮም ላሉት መልእክተኞቹ በጻፈው አጭር ደብዳቤ ወዳጁ ዊልያም ዋላስ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዘንድ ስላለው ጉዳይ እንዲረዱት አዘዘ። ያን ጊዜ በመንበረ ጴጥሮስ የነበሩት ቦኒፋስዮስ ስምንተኛ ናቸው። እርሳቸውም በሰኔ 27 ቀን 1299 ለኤድዋርድ በጻፉት ደብዳቤ ስኮትላንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት እንዳልሆነች ገልጠው ነበር። ኤድዋርድ በ1301 ሲመልስ ከትሮይ ከተማ ውድቀት በኋላ ወደ ብሪታንያ መጣ ስለሚባለው ስለ ብሩቱስ ተርኮ የበላይነቱን ከዚያ አስቆጠረ። የስኮትላንድ መልእክተኞችም በበኩላቸው ወገናቸው የግብፅ ፈርዖን ልጅ ከሆነችው ከስኮታ የተወለደ ነው ብለው ተከራከሩ። ነገሥታት በትሮይና በግብፅ ሲማገቱ፣ ለእነርሱ የተዋጋው ሰው ግን የአያቱን ስም የሚያስረዳ አንድ ብራና እንኳ አልነበረውም። በ1302 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከፈረንሳዩ ንጉሥ ጋር ስለ ተጣሉ ለስኮትላንድ ጳጳሳት ለኤድዋርድ እንዲገዙ ጻፉላቸው። ይህን መሸሸግ አይገባም።

በ1304 መጀመሪያ ኮሚንና ሌሎቹ መኳንንት ምሕረት እየተቀበሉ ገቡ። ዋላስ ከምሕረቱ ተለየ፤ በሕግ ፊት ጥበቃ የሌለው ሽፍታ ተብሎም ታወጀበት። በነሐሴ 3 ቀን 1305 በግላስጎው አቅራቢያ የዳምባርተን ግንብ አዛዥ በነበረው በስኮትላንዳዊው በሰር ጆን ሜንቲዝ ሰዎች እጅ ተያዘ። የዋጋው ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል፤ ለሰላዩ ሎሌ 40 ማርክ፣ ለሌሎች 60 ማርክ፣ ለሜንቲዝ 100 ፓውንድ የሚያወጣ መሬት። በዚህ ታሪክ ውስጥ መሬት የማይገባበት ሥፍራ የለም።

በነሐሴ 23 ቀን በዌስትሚንስተር አዳራሽ ፍርድ ቤቱ ተሰየመ። በራሱ ላይ የቅጠል አክሊል አድርገው በከፍታ ላይ አስቀመጡት፤ በዚያ አዳራሽ ዘውድ ጭኜ እቀመጣለሁ ብሎ ነበር የሚል ወሬ ስለ ነበረ ሊዘባበቱበት ነው። ዳኞቹ አምስት ሲሆኑ ከእነርሱም አንዱ የለንደን ከንቲባ ነበር። ጠበቃ አልቆመለትም፤ ሕጋዊ መከላከያም አልተፈቀደለትም። ክሱ ከሄዝልሪግ መገደል ጀምሮ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን፣ ደናግልና ሕፃናት ሳይቀሩ መገደላቸውን ይዘረዝራል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ምን ያህሉ በእርሱ ትእዛዝ እንደ ተፈጸመ መለየት አይቻልም፤ የሰሜን እንግሊዝ ድሆች በዚያ ክረምት ብዙ መከራ ማየታቸው ግን እውነት ነው። ዋላስ ሌላውን ሳይቃወም አንዱን ብቻ ካደ። ለእንግሊዝ ንጉሥ ከዳተኛ ሆኖ እንደማያውቅ ተናገረ፤ ያልማለ ሰው መሐላ አያፈርስምና። ዳኞቹ ግን ኤድዋርድ አገሪቱን በጦር ስለ ያዘ ሁሉም የእርሱ ተገዥ ሆኗል ብለው ወሰኑ። አባቱ ነው የምንለው ሰው ስም በንጉሡ መዝገብ ተጽፎ፣ የልጁ ስም ግን በዚያ ሳይገኝ፣ ልጁ እንደ መሐላ አፍራሽ ተፈረደበት።

ቅጣቱ በዚያው ቀን በስሚዝፊልድ ተፈጸመ። እያንዳንዱ ሥቃይ ለእያንዳንዱ ክስ የተመደበ ነበር፤ ስለ ክህደቱ በፈረስ ተጎተተ፣ ስለ ዝርፊያና ግድያው ተሰቀለ፣ በቤተ ክርስቲያን ላይ አደረሰ ስለ ተባለው በደል ሆድ ዕቃው ተቃጠለ፣ ስለ ሽፍትነቱ ራሱ ተቆረጠ። ራሱ በለንደን ድልድይ ላይ ተተከለ፤ አካሉም በአራት ተከፍሎ ወደ ኒውካስል፣ ወደ ቤሪክ፣ ወደ ስተርሊንግና ወደ ፐርዝ ተላከ። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው ጆን ሲግሬቭ አካሉን ወደ ስኮትላንድ ላደረሰበት 15 ሽልንግ እንደ ተከፈለው በንጉሡ ወጪ መዝገብ ተጽፏል። ወንድሙ ጆን ዋላስም በ1307 ተይዞ በለንደን ተገደለ። የወለደው ልጅ ስለ መኖሩ ከሰነድ የተገኘ ማስረጃ የለም፤ ዛሬ ከእርሱ በቀጥታ ተወልደናል የሚሉ ሁሉ የሚደገፉት በግጥሙ ላይ ነው።

በ2012 የሉቤኩ ደብዳቤና የፈረንሳዩ ንጉሥ ደብዳቤ በኤድንበርግ በስኮትላንድ ፓርላማ ሕንፃ ውስጥ ጎን ለጎን ለሕዝብ ታይተዋል። አንዱ ከጀርመን፣ ሌላው ከእንግሊዝ መዛግብት ቤት በውሰት የመጡ ነበሩ። ጊዜው ሲያበቃም የአላን ስም ያለበት ማኅተም እንደ ቀድሞው ወደ ሉቤክ ሄደ።